ሁከት ይወገድልኝ

ጋሪው የቆዳ ፋቂዎችን ሰፈር ቁልቁለት ሲይዝ፣ ጋሪ ነጂው ወደ ኋላው ላለማየት አንገቱን አድርቆ የፈረሷን ጆሮ ብቻ ያይ ነበር። ቢያይም ባያይም የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ሴትዮዋ እዚያው ናት። ጋሪው ላይ በተጋደመው ወፍራም የጥድ በር ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ሙጫ የጠጣ ጥቁር ሽርጧን አልፈታችም። በአንድ እጇ የቀለም ብልቃጥ፣ በሌላው ብዕር ይዛ በሩ ላይ ወረቀት ዘርግታ ትጽፋለች። መንኮራኩሩ ድንጋይ ላይ በወጣ ቁጥር ብልቃጡን ወደ ላይ ታነሳዋለች፤ ሲወርድ ታወርደውና ካቆመችበት ትቀጥላለች።

«እህቴ፣ ኧረ በናትሽ ውረጂ» አላት ሳይዞር። «ሰው ሁሉ እያየን ነው።»

«ይየና! በሩ የኔ ነው። በሩ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ።»

ጋሪ ነጂውን ሰፈሩ ሁሉ «ቀስ በል» እያለ ነው የሚጠራው። ፈረሲቱ ካረጀች ወዲህ የመጣ ስም ይመስላል እንጂ፣ እሱ ራሱም ከድሮ ጀምሮ ነገር የማይቸኩል፣ ጠብ ሲያይ በሌላ መንገድ የሚዞር ሰው ነበር። ዛሬ ግን ጠቡን ጭኖ ነው የሚሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ መንገድ ቤቶች ሁሉ ባለቤት አንድ ጡረታ የወጣ ሻለቃ ነበር። ከጦሩ ከወጣ ዓመታት ቢቆጠሩም የናስ ቁልፍ ያለውን ካፖርቱን አልጣለም፤ ሲናገርም ሰልፍ የሚያዝ ይመስላል። በዚያ ዓመት ሆቴል ሠሪዎች መጥተው ከቤቶቹ ባለ ሁለት ፎቁን ሊገዙት ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ቤቱ ባዶ ይሁን። ሻለቃው ተከራዮቹን አንድ በአንድ አስለቀቀ። የሰዓት ሠሪው የጭስ መውጫው ሲደፈንበት ወጣ። ልብስ ሰፊው ባልና ሚስት የውሃው ቧንቧ ሲቆረጥ ወጡ። የቀረችው ምድር ቤት ያለችው መጽሐፍ ጠራዥ ብቻ ሆነች። ውሏ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ኪራዩንም በቀኑ የምትከፍል ሴት ናት፤ አልወጣም አለች። ጭሱንም ውሃውንም ቻለችው።

በመጨረሻ ሻለቃው ቀን መረጠ። ፍርድ ቤቱ ለክረምት ዕረፍት የሚዘጋበትን ቀን። ስድስት ሰዓት ላይ ደወል ተደውሎ ዳኞቹ ከተነሱ አርባ ቀን አይመለሱም። በር የሌለው ክፍል ውስጥ፣ በዝናብ ወራት፣ ከዚያ ሁሉ ወረቀት ጋር አርባ ቀን የሚቀመጥ ሰው የለም። ስለዚህ በጠዋት ቀስ በልን ከበረቱ ጠርቶ «መዶሻህን ይዘህ ተከተለኝ» አለው። ቀስ በልም የማጠፊያዎቹን ብረት አንድ በአንድ መትቶ አወጣ፤ በሩንም ነቅሎ ጋሪው ላይ ጫነ።

ሴትዮዋ ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም። ወደ አባቷ ዞረች። ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅም የኖረ፣ ጣቱ በእርሳስ የጠቆረ፣ አንድ እግሩ የማይታጠፍለት ሰው ነው።

«አባዬ፣ ወንበርዎን ደፉ ላይ ያድርጉና ይቀመጡ። እኔ እስክመጣ ማንም ምን ቢልዎ እንዳይነሱ።»

«ሽንቴ ቢመጣስ?»

«ባልዲ አለ።»

«ባልዲ ካለ ምን ቸገረኝ» አለና ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ በባዶው በር ልክ መሃል ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ብዕሯንና ቀለሟን ይዛ ጋሪው ላይ ወጣች። ሻለቃው መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ቀጥሎ ከልቡ ሳቀ። «በሩንም እሷንም ውሰዳቸው! ወንዝ ዳር ያለው መጋዘን አስገባና ቆልፍበት። እኔ የምፈልገው መውጣቷን ነው፤ ይኸው በገዛ እግሯ ወጣች!»

ቀስ በል እንግዲህ ይህን ይዞ ነው ቁልቁለቱን የሚወርደው።

«ለምን ለፖሊስ አትነግሪም?» አላት።

«ነግሬያለሁ። ጭስ መውጫውን የደፈነ ዕለት ሄጄ ነበር። መቶ አለቃው ‹ይህ በእናንተ መሃል ያለ ጉዳይ ነው› ብሎ ሸኘኝ። ከሻለቃው ጋር ካርታ ይጫወታል።»

«እሺ፣ ወጥተሽ ክሰሻው። ካሳ ያስከፍሉልሻል ይባላል።»

«እሱም አንድ መንገድ ነው። ለቅቄ እወጣና ውሌን አፍርሷል ብዬ እከሰዋለሁ። ሦስት ዓመት ተመላልሼ እረታዋለሁ። ስረታው ቤቱ ሆቴል ሆኗል። ያኔ ምን ላድርግ? አልጋ ይዤ ልደርበት?»

ቀስ በል ሳያስበው ሳቀ። ወዲያው ደግሞ መሳቁ አስፈራውና ልጓሙን ሳብ አደረገ።

«ሌላ መንገድ አለ» አለች ብዕሯን ቀለም እየነከረች። «ሁከት ይወገድልኝ ይባላል። በዚህኛው ዳኛው ማን እውነት አለው ብሎ አይጠይቅም። ቤቱን በሰላም ይዞ የነበረው ማነው? በጉልበት የነካውስ ማነው? ይህን ብቻ ነው የሚጠይቀው። በሩ ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ። ግን ቤቱን ለቅቄ መሆን የለበትም። አባቴን ለዚህ ነው ደፉ ላይ የተከልኩት። እኔ ብሄድም ቤቴ ሰው አለበት።»

«ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ?»

«ሕጉን የጠረዝኩት እኔ ነኛ!»

እውነቷን ነበር። አዲሱ የቤት ኪራይ ሕግ በታወጀ ጊዜ መንግሥት ለየፍርድ ቤቱ የሚላከውን መጽሐፍ እንድትጠርዝ ለሷ ሰጥቷት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ እሷ ስትሰፋ አባቷ እያነበበላት ነው የጨረሱት። ሽማግሌው የታተመ ወረቀት አይቶ ስህተት ሳይፈልግ ማለፍ አይችልም፤ ከእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ የተዛባ ፊደል ለቅሞ «ይህን የለቀመው እጁ ይቆረጥ» እያለ ነበር የሚያነብላት። ሲጨርሱ ሁለቱም ሕጉን በቃላቸው ያውቁታል።

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«ምስክር። የአባት ምስክርነት አይቆጠርም። ሰዓት ሠሪውም ልብስ ሰፊዎቹም ሄደዋል። በሩ ሲነቀል ሌላ ሰው ያየ የለም።» ብዕሯ ቆመ። «ከአንተ በቀር ማለቴ ነው።»

«እህቴ፣ እኔን ተዪኝ። እኔ የምኖረው ከሻለቃው በረት ጀርባ ነው። ሚስት አለችኝ። ውል የለኝም፤ እቃውን አመላልስለታለሁ፣ እሱ ክፍሏን ይሰጠኛል፤ በቃ፣ ቃል ነው። ደግሞ በሩን የነቀልኩት በዚህ እጄ ነው። ሄጄ ራሴን ልክሰስ?»

«አላስገድድህም፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ ወዲያ አልለመነችውም። እሱ ደግሞ ብትለምነው ይሻለው ነበር።

ቁልቁለቱ አልቆ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ደረሱ። በግራ ወንዙና መጋዘኑ፣ በቀኝ አደባባዩና ፍርድ ቤቱ። ቀስ በል ፈረሲቱን አቆማት። ትዝ ያለው የልብስ ሰፊው ሚስት ናት፤ ቧንቧው በተቆረጠ ሳምንት የስፌት መኪናዋን ጭኖላት ሲሄድ እዚሁ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ አይታ፣ ከዚያ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሳትናገር ሄደች። ሰዓት ሠሪውንም እሱ ነው የጫነው። የወጣው ሰው ሁሉ በዚህ ጋሪ ነው የወጣው። ነገ ደግሞ የራሱን አልጋ ሊጭን ነው? ሻለቃውስ በረቱን ለሆቴሉ ሰረገሎች እፈልገዋለሁ ሲል ሰምቶት የለ?

«በወንዙ በኩል ጭቃ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ፈረሲቱንም ወደ ቀኝ መለሳት።

ጠራዧ የጻፈችውን ወረቀት ቀለሙ እንዲደርቅ በእጇ ማራገብ ጀመረች።

ፍርድ ቤቱ ሲደርሱ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ የማኅተም ሰሙን አጥፍቶ መስኮቱን ሊዘጋ እጁን ዘርግቷል። ጆሮው የደከመ ሽማግሌ ነው።

«ምንድነው ጉዳይሽ?»

«በሬን ወሰዱብኝ!»

«የከብት ነገር በዚህ አይታይም። ከዕረፍት በኋላ ሌላው ችሎት ነይ።»

«የሚያርሰውን አይደለም! የቤቴን! የሚዘጋውን!» ብላ በጡጫዋ መስኮቱን ደበደበችው። «ይህን!»

ጸሐፊው አንገቱን አወጣና ጋሪው ላይ ያለውን አየ። እውነትም በር ነው፤ ከነቁልፉ። በሕይወቱ ብዙ አቤቱታ ተቀብሏል፣ በር ጭኖ የመጣ ግን አላየም። ሳይወድ በግዱ ማኅተሙን መታና ወረቀቱን ተቀበላት። «ዳኛው ሰረገላ እያስጫነ ነው። ሩጪ።»

«ጋሼ፣ በአንድ ወገን ያዝልኝ» አለች ጠራዧ።

ቀስ በል ያዘ። መሸከም ሥራው ነው፤ መመስከር አይደለም፤ ለራሱ ይህን እያለ ነው በሩን ተሸክሞ የገባው። በኮሪደሩ ሲያልፉ ግን ከውል ማጽደቂያው ክፍል ሻለቃው ወጣ። ከጎኑ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ የሆቴል ሠሪዎቹ ወኪል አለ። ሻለቃው በእጁ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ወረቀት ይዟል፤ «ቤቱ ሰው የሌለበት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል። በሩን አየ፤ ተከራዩን አየ፤ ከበሩ ሥር የቀስ በልን ላብ ያጠመቀው ፊት አየ።

«አንተ!» አለ።

ቀስ በል በሩን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ጠራዧ ግን ከፊት ሆና እየጎተተች ስለነበር፣ እሱም ተጎትቶ ችሎት ገባ።

ዳኛው ካባውን አውልቆ የመንገድ ኮቱን ለብሶ ነበር። ወፍራም፣ ቁጡ፣ ግን ሥራውን የሚያከብር ሰው ይመስላል፤ ማኅተም ያረፈበት አቤቱታ ሲያይ ተነፈሰና ካባውን መልሶ ከላይ ደረበው። «አስቀምጡት፤ እዚያ ግድግዳው ላይ አስደግፉት። እግሬ ላይ እንዳትጥሉት። በይ፣ በአጭሩ።»

በአጭሩ ተናገረች። በሷ ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እሷ ግን ጥረዛ ሥራዋ ላይ እንዳለች ያህል ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀመጠችው። ውሏን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ዘረጋችለት። መጨረሻ ላይ «አንቀጽ መቶ አሥራ አራት፣ ክቡር ዳኛ» አለች።

ዳኛው ሕጉን ከመደርደሪያ አስወርዶ ገለጠ። ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። «መቶ አሥራ አንድ… መቶ አሥራ ዘጠኝ። መቶ አሥራ አራት የሚባል የለም።»

ተከትሏቸው የገባው ሻለቃ ከችሎቱ መግቢያ ላይ ሆኖ ፈገግ አለ።

«አለ፣ ክቡር ዳኛ። ገጹ አልተቀደደም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ስጠርዘው ተቻኩለው ስለነበር ጠርዙን እንዳልቆርጥ ታዘዝኩ። ወረቀቱ ከላይ በኩል እንደታጠፈ ነው ያለው። አንቀጹ እጥፋቱ ውስጥ ነው። የሚያነብ ሰው በቢላ እየቀደደ እንዲያነበው ነበር የታሰበው።»

መጽሐፉ ፍርድ ቤቱ ከደረሰ ሦስት ወር አልፎታል። የችሎቱን ጸሐፊ ሳል ያዘው። የዳኛው ጆሮ ቀላ፤ ለአፍታ ሊቆጣ ነው ወይስ ሊስቅ ነው የሚለው አልለየም ነበር።

«ቢላ አለሽ?»

ከኪሷ የአጥንት ቢላዋን አወጣች። የችሎቱ ዘበኛ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣ፤ ዳኛው በእጁ አስቆመው። ጠራዧ እጥፋቱን በአንድ ትንፋሽ ሰነጠቀችውና መጽሐፉን አዙራ ሰጠችው። ዳኛው መነጽሩን አደረገና ጮክ ብሎ አነበበ፤ ተከራይ በሰላም የያዘውን ቤት በጉልበት ሁከት ቢፈጠርበት፣ ዳኛ ዕለቱን ቤቱ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ያዝዛል ይላል፤ የቤቱ መሸጥም ይህን አያስቀርም።

«ሻለቃ፣ ምን ይላሉ?»

«ክቡር ዳኛ፣ ሴትዮዋ ነገር ስትፈልግ ነው» አለ ሻለቃው ረጋ ብሎ። «በሩ አርጅቷል። ለጥገና አወረድኩት። ባለቤት የገዛ ንብረቱን ማስጠገን አይችልም? ደግሞም ቤቱ ባዶ ነው፤ ይኸው ከዚህ ቆማለች።»

«አባቴ ደፉ ላይ ተቀምጠዋል!» አለች ጠራዧ።

«ጉልበት ይሁን ጥገና በምን አውቃለሁ?» አለ ዳኛው። «ሲነቀል ያየ ሰው አለሽ?»

ጠራዧ ወደ ቀስ በል አልዞረችም። አንገቷን ቀና አድርጋ ፊት ለፊቷን ብቻ ታያለች። ሻለቃው ግን ዞረ፤ ዞሮ ቀስ በልን ትክ ብሎ አየው። በዚያ ዓይን ውስጥ ቀስ በል የራሱን ክፍል አየ፣ በረቱን አየ፣ ነገሩን ለሚስቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት ገና ያልቀመረውን ቃል ሁሉ አየ። አደባባዩ ላይ ደወሉ ስድስት ሰዓትን መምታት ጀመረ።

«እኔ አይቻለሁ» አለ። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወጣበት፤ አልወደደውም፤ ደገመው። «እኔ አይቻለሁ፣ ክቡር ዳኛ። የነቀልኩትም እኔ ነኝ። መዶሻህን ይዘህ ና አሉኝ፣ ይዤ ሄድኩ። ለጥገና አላሉኝም። መጋዘን አስገባና ቆልፍበት ነው ያሉኝ። እዚያ መጋዘን ውስጥ አናጢ የለም፤ ያለው አይጥ ነው። ‹የምፈልገው መውጣቷን ነው› ሲሉም በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ዝም በል!» ሻለቃው ከዘራውን ወለሉ ላይ መታው። «ዛሬ የምታድረው በማን ጣራ ሥር መሆኑን አትርሳ!»

ዳኛው ቀስ ብሎ ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ሻለቃ ለምስክሩ የተናገሩት ቃል ይጻፍ። አንድ ፊደል ሳይቀር ይጻፍ።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ብዙ አልቆየም። ትእዛዙን ዳኛው እንደቆመ ነው ያስጻፈው። በሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቦታው ይመለስ፤ የተደፈነው ይከፈት፤ የተቆረጠው ይቀጠል፤ ገዢ ከመጣም ከነተከራይዋ ይግዛ፤ ዋናው ክርክር ከዕረፍት በኋላ ይሰማ። ዳኛው ማኅተሙን ካሳረፈ በኋላ ቀስ በልን በጣቱ ጠራው። «አንተም ጥፋት አለብህ። በገዛ እጅህ መልሰህ ትገጥመዋለህ።»

«እገጥመዋለሁ፣ ክቡር ዳኛ።»

የሆቴል ሠሪዎቹ ወኪል ባርኔጣውን አድርጎ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ሻለቃው ደረጃው ላይ ጠበቃቸው። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ለጠራዧ ቃል አልተነፈሰም፤ ለቀስ በል ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «ማታ ከበረቴ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ እንዳላገኝህ» አለው።

ቀስ በል የበሩን ጫፍ ትከሻው ላይ እንዳደረገ ቆመ። 

«ጌታዬ፣ በሩን ገጥሜ ነው የምመጣው» አለ። «ከዚያ በኋላ ይምጡ። ከዳኛ ወረቀት ይዘው ይምጡ።»

ሲመለሱ መንገዱ ዳገት ነበር። ጠራዧ በዚህኛው ጊዜ በሩ ላይ አልወጣችም፤ ለፈረሲቱ አዝና ከጎን እየተራመደች፣ የቃል ኪራይም ኪራይ መሆኑን፣ ጉልበትም እንደ ዋጋ እንደሚቆጠር፣ የስንተኛው አንቀጽ ስንተኛ ቁጥር ላይ እንዳለ ትነግረው ነበር። ቀስ በል ሁሉንም አልያዘውም። ሽማግሌውን እንደተቀመጠ አገኙት። ሁለት የሻለቃው ሰዎች መጥተው ሊያስነሱት ሞክረው ነበር አሉ፤ እግሬ አይታጠፍም፣ ከነወንበሬ ተሸከሙኝ ብሏቸው፣ ሲያነሱት እንደ ሕፃን እየጮኸ መንገደኛ ሰብስቦባቸው ሄዱ። «ወፍራም ነበሩ፤ ግን ጩኸት አይችሉም» አለ።

ቀስ በል ብረቶቹን እየመታ አስገባ። ሲጨርስ ጠራዧ ከውስጥ ዘጋችው፤ ከፈተችው፤ ዘጋችው።

ወደ በረቱ ሲደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ግቢው ውስጥ የአልጋው ብረት የተጎተተበት መስመር አፈሩ ላይ ይታያል፤ ከክፍሏ እስከ ውጭው በር ድረስ። ልጓሙን ጥሎ ገባ።

አልጋው ግን ክፍሏ ውስጥ ነበር። መስመሩ ሁለት ነበር፤ የወጣበትና የገባበት። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተቧጠጠ ክርኗን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች።

«የሻለቃው አሽከር መጣ» አለችው ቀና ሳትል። «ዕቃችንን ሁሉ አወጣው። እኔ ደግሞ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ስለ አንተ የሚወራውን ሰምቻለሁ። ስመለስ መልሼ አስገባሁት።»

«ብቻሽን? ዝም አለሽ?»

«መቼ ዝም ይላል! ተቆጣ። ‹ከዳኛ ወረቀት ይዘህ ና› አልኩት።»

«እሺ፣ እሱስ?»

«‹ምን ዓይነት ወረቀት?› አለኝ።» ሚስቱ ጨርቁን ጨመቀችው። «እኔ ምን አውቃለሁ! ፊቴን ግን አልቀየርኩም። ‹ስታመጣው አነብልሃለሁ› አልኩት። ሄደ።»

ቀስ በል ሚስቱ ፊደል እንዳልቆጠረች ያውቃል። አልጋው ላይ ከጎኗ ተቀመጠና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ ፈረሲቱን ሊፈታ ወጣ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እየቸኮለ።